የቁልፉ ካቨር ተቀየረ፣ መኪናው ቆመ

የ2002 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ ነው፤ ሰዉ ቪትዝ የሚለው፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር። ባለቤቷ ነርስ ናት። ቤቷ አባይ ማዶ፣ ሥራዋ ከድልድዩ ወዲህ። ስትደውልልኝ መኪናው ግቢዋ ውስጥ ከቆመ ሰንብቷል፤ ሁለት መካኒክም አይቶታል። «ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም» አለችኝ፤ ሞተሪኖ የምንለው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ማስነሻ ነው። ይቺን ነገር ዘወትር እሰማታለሁ። ከጀርባዋ ስንት ዓይነት ጣጣ ሊኖር እንደሚችል እንደኔ በመኪና ቁልፍና ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል።

የሆነውን በተራ በተራ ላስቀምጠው። ሁሉንም ያሳሳተው የነገሩ አካሄድ ነውና።

ከተማው ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ ነበር። የማደያ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም። ሲስተር መኪናዋን ግቢ አስገብታ በባጃጅ መመላለስ ጀመረች። በዚህ መሃል የቁልፉ ካቨር፣ ያ በእጅ የሚያዘው ፕላስቲክ፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቀድሞም በፕላስተር ታስሮ የኖረ ነው። ከሥራ ስትወጣ ገበያ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ ቁልፍ ቀራጭ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ብረቱን ከአሮጌው አውጥተው አዲስ ካቨር ውስጥ ተከሉላት። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቁልፉ አማረ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መኪናው ግቢ ስለነበር ሞክሮ ያየው የለም።

ከዚያ ቤንዚን ተገኘ፤ በጀሪካን፣ ከጎን በኩል። ሞላች፣ ቁልፍ አዞረች፣ እምቢ አለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማንም ቢሆን ምን ይላል? ቤንዚኑ ነው ይላል። ውሃ ገብቶበት ነው፣ ላምባ ቀላቅለውበት ነው። የመጀመሪያው መካኒክም ይሄንኑ ብሎ ሰልባትዮውን፣ የቤንዚን ታንከሩን፣ አራገፈው። ፓምፑን ከነማጣሪያው ፈታ፣ አጠበ፣ ንጹሕ ቤንዚን ገባ። አልተነሳም። ሁለተኛው ይሻል ነበር። ካንዴላ ነቅሎ እሳት ፈተሸ፤ እሳት የለም። ከዚያ ግን ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል ቀየረ፤ አንዱን ቀይሮ አልሆን ሲለው ሌላውን። የዚህ ሞተር ኮይል ለየካንዴላው ለየብቻ ነው። አራቱ ባንድ ቀን ተማክረው አይሞቱም። አራቱም ላይ እሳት ከጠፋ ችግሩ ኮይሎቹ ጋ ሳይሆን እነሱን የሚያዘው ጋ ነው።

ያም ሆኖ መካኒኮቹን አልፈርድባቸውም። የተሰጣቸው ታሪክ «የጀሪካን ቤንዚን ሞላሁ፣ መኪናው ሞተ» የሚል ነው። ስለ ቁልፉ ያነሳላቸው የለም። እሷም ካቨር መቀየርን እንደ ጥገና አልቆጠረችውም፤ ማን ይቆጥረዋል?

ግቢዋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ዳሽቦርዱ መሃል ያለችውን ትንሿን ቀይ መብራት ነው። ቁልፍ ሳይገባ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ይሄ ጤነኛ ነው፣ ጥበቃ ላይ ነኝ ማለቷ ነው። ቁልፍ ገብቶ ሲከፈት ግን መጥፋት ነበረባት። እኔ ቁልፉን አዙሬም መብለጭለጧን ቀጠለች። ለዚህ ስካነር ማገናኘትም አያስፈልግም ነበር።

«ሲስተር፣ እስቲ ቁልፉን አሳዪኝ» አልኳት።

ብረቱ ያረጀ ነው። ጥርሶቹ ተልገው ጠርዛቸው ክብ ሆኗል፣ ጎኑ ላይ የሃያ ዓመት ጭረት አለ። ካቨሩ ግን ያብለጨልጫል፣ የቶዮታ ምልክቱ ላይ ገና አቧራ አልተቀመጠም። መገጣጠሚያውን በቢላ ጫፍ ከፈት ሳደርገው ከብረቱ ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለች። ባዶ ናት። ቺፕ የሚቀመጥባት ቦታ ነበረች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተር እንዳይነሳ የሚከለክል የስርቆት መከላከያ፣ ያለው መኪና ቁልፉን ሁለት ጊዜ ይፈትነዋል፤ አንዴ በብረቱ ጥርስ፣ አንዴ በቺፑ። ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር አፍ ላይ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ የሽቦ ጥቅል አለ። ቁልፉ ሲዞር ጥቅሉ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ለዚህ ዓይነቱ ቺፕ 134.2 ኪሎኸርዝ ነው። ቺፑ ባትሪ የለውም። ከዚያው ሞገድ ጉልበት ወስዶ ቁጥሩን መልሶ ይናገራል። ኮምፒውተር ቦክሱ፣ ሞተሩን የሚያዘው ማለት ነው፣ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ካገኘው ሞተሩ ይነሳል። ካላገኘው ለካንዴላ እሳት፣ ለኢንጀክተር ትእዛዝ ይከለክላል። በዚህ መኪና ላይ ሞተሪኖው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ምንም እንዳልተፈጠረ ይዞራል። እሳትም ቤንዚንም ባንድ ላይ የጠፋው፣ መካኒኮቹም በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የሄዱት ለዚህ ነው።

ቺፑ ራሱ ለማያውቀው ሰው ምንም አይመስልም። 12 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 6 ሚሊ ወርድ፣ 3 ሚሊ ውፍረት ያላት የከሰል ስባሪ የመሰለች ነገር ናት። ሽቦ የላትም፣ መብራት የላትም፣ ጽሑፍም ላይኖራት ይችላል። አሮጌ ካቨር ሲሰበር ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቃ ትቀራለች፤ ሰውም ከፕላስቲኩ ጋር ይጥላታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቁልፍ ቀራጩ ነው። ቺፑ ከተገኘ ነገሩ ያለ ወጪ ያልቃል፤ ካቨሩ ውስጥ መመለስ ብቻ ነው። ሰውዬው በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ እጃቸው ንጹሕ ሠራተኛ።

«ጋሼ፣ የዚህን ቁልፍ አሮጌ ካቨር ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ የኔ ልጅ፣ ፕላስቲክ ነው። ዕቃ አለበት ብሎ የነገረኝ የለ» አሉና ከጠረጴዛው ሥር አንድ የኒዶ ጣሳ አወጡ። አሮጌ ካቨር የሚያጠራቅሙበት ነው፤ አንዳንዱ ቁልፍ መጫኛ ጎማው ይፈለጋል፣ ይሸጣል።

ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። ይሄን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ እዚያ ጣሳ ውስጥ ከአንድ በላይ ቺፕ ነበር። የቺፕ ዓይነት ወደሚያነበው መሣሪያዬ እያስጠጋሁ አየኋቸው። አንዱ 4ዲ ይላል፤ ከዚህ በኋላ የመጡ ቶዮታዎች ላይ ያለው ዓይነት። አንዱ 46 ይላል፤ እሱ የሌላ መኪና ነው። አንዱ ግን 4ሲ አለ። የሲስተር መኪና የሚፈልገው ዓይነት! ይዘነው በባጃጅ ወደ አባይ ማዶ ተመለስን። ቺፑን በጣቴ ይዤ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ደግፌ፣ እሷ ቁልፉን አዞረች። ቀይዋ መብራት መብለጭለጧን አላቆመችም። ዓይነቱ አንድ ነው፣ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ይሄኔ የት ቆሞ ቤንዚኑን እየተራገመ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

4ሲ ስል ቀለል ያለው ትውልድ ማለቴ ነው። ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ቁጥር ይናገራል፤ ጥያቄና መልስ የለውም። ስለዚህ ይገለበጣል። አንድ የሚሠራ ቁልፍ ካለህ፣ ቁጥሩን ባዶ ቺፕ ላይ ቀድቶ ሁለተኛ ቁልፍ ማውጣት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ መኪናው አጠገብህ መኖሩም ግድ አይደለም። ከሱ ቀጥሎ የመጣው 4ዲ ምስጢራዊ ስሌት ይጠቀማል። እሱም ቢሆን በ2005 (እ.ኤ.አ.) የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ሰብረው አሳይተውታል፤ የስሌቱ ምስጢራዊ ቁጥር 40 ቢት ብቻ ነበር።

ሁለተኛ ቁልፍ ቢኖርስ? አልነበራትም። መኪናውን ስትገዛ አንድ ቁልፍ ነው የተሰጣት፤ «ሌላው አዲስ አበባ ነው፣ እንልክልሻለን» ተብላ። መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ይሄን ቃል ያውቀዋል። ማስተር የተባለው ዋናው ቁልፍ ቢኖር ደግሞ በአንዳንድ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ማሽን እንኳ ሳያስፈልግ አዲስ ቁልፍ ይመዘገባል። ማስተሩን አስገብተህ የነዳጅ ፔዳሉን 5 ጊዜ፣ ፍሬኑን 6 ጊዜ ረግጠህ፣ ማስተሩን አውጥተህ አዲሱን ታስገባለህ፣ ነዳጁን አንዴ ትረግጣለህ፣ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለህ። ካቨሩ ግራጫ የሆነው የትርፍ ቁልፍ ግን መኪና ያስነሳል እንጂ ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ አይችልም። ካቨር ከተቀየረ በኋላ ግን የትኛው ማስተር፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ በቀለም መለየት አይቻልም።

ለማንኛውም እኛ ምንም አልነበረንም። በር የሚከፍት፣ ሲሊንደር የሚያዞር ብረት አለ፤ ለኮምፒውተሩ ግን ቁልፍ ሁሉ እንደጠፋ ነው።

ሦስት መንገድ ነበረን። አንደኛው ኮምፒውተር ቦክስ ከነቁልፉና ከነሲሊንደሩ ሙሉውን አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሱማሌ ተራ፣ ማስመጣት። ይሠራል። ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለን ዕቃ ሳታየው ትገዛለህ፣ የሞተሩ ዓይነትና የቦክሱ ቁጥር ካልገጠመ መልሰህ ትልካለህ፣ በሩ ላይ ያለው ቁልፍም ሌላ ይሆናል፤ ሁለት ቁልፍ ይዘህ ትዞራለህ። ሁለተኛው ኢሞቢላይዘሩን ጨርሶ ማጥፋት። አንዳንድ ባለሙያ ደስ ብሎት ይሠራዋል፤ ደንበኛም ይወደዋል፣ ይረክሳልና። እኔ አልወደውም። ከዚያ በኋላ ያንን መኪና ለመውሰድ ጥርሱ የተቀረጸ ብረት ወይም ካቻቢቴ ይበቃል። ሌሊት ሐኪም ቤት በር ላይ ለሚያድር መኪና ይሄን አልመክርም። ሦስተኛው የቦክሱን መዝገብ ባዶ አድርጎ አዲስ ቺፕ ማስመዝገብ ነው። እሱን መረጥን።

ከዚያ በፊት ሊብሬዋን አየሁ፣ መታወቂያዋን አየሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ። ሲስተር ሳቀች። «ግቢዬ መጥተህ ሌባ አደረግኸኝ?» አለች። ቺፕ የሌለው ቁልፍ ይዞ «አስነሳልኝ» የሚል ሰው ሁሉ ይሄን ያልፋል፤ የአጎቴ ልጅም ቢሆን።

የዚህ ያሪስ ኮምፒውተር ቦክስ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ መሳቢያ ጀርባ ነው። መሳቢያው ይወጣል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፣ ሶኬቶቹ ይነቀላሉ። መኪናው መንቀሳቀስ አይችልም፤ ኮምፒውተሩ ግን ፌስታል ውስጥ ገብቶ በባጃጅ ወደ ሱቄ ሄደ። መኪና በገመድ ከማስጎተት ይሄ በብዙ ይሻላል።

ቦክሱ ሲከፈት፣ ከትልልቆቹ ቺፖች ጎን ስምንት እግር ያላት ትንሽ ሜሞሪ አለች፤ 93ሲ56 የምትባል። የምትይዘው 256 ባይት ብቻ ነው። የተመዘገቡት ቁልፎች ቁጥር ያለው እሷ ላይ ነው። ቦርዱ ላይ እንዳለች በመቆንጠጫ ለማንበብ የሚሞክር አለ። አንዳንዴ ይሳካል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌሎቹ ቺፖች ከሥሯ ኃይል ይስቡና ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ በሙቅ አየር አነሳኋት። የእግር አንድ ምልክቷ ወዴት እንደሚያይ በስልክ ፎቶ አነሳሁ፤ ተገልብጣ ከተመለሰች ሌላ ለቅሶ ነው።

አነበብኳት፣ ደግሜ አነበብኳት፣ ሁለቱን ንባብ አስተያየሁ። አንድ ናቸው። ኦሪጅናሉን ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ። ይሄ ደረጃ የሚያናድድ ይመስላል፤ ግን ጽሑፉ ከተበላሸ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ ያለህ ያ ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ የቁልፎቹ ቁጥር ተደጋግሞ ተቀምጧል፤ አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው እንዲያገለግል ነው። እሱን ባዶ አድርጌ ልጽፍ ስል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ መጻፊያውም ኃይል የሚወስደው ከላፕቶፑ ነው፤ ጽሑፉ አለቀ፣ ተረጋገጠ። የሙቅ አየር ማሽኑ ግን ያለ መብራት ብረት ነው። ሜሞሪዋን ወደ ቦርዷ ለመመለስ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ቡናም ተፈላ።

አመሻሹ ላይ ቦክሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለት አዲስ 4ሲ ቺፕ ይዣለሁ። አንዱን አሮጌው ብረት ያለበት አዲሱ ካቨር ውስጥ አስገባሁ። ለሌላው ያ ቁልፍ ቀራጭ ብረት ቀረጹልን፤ ሲስተር ወደሳቸው መመለስ አልፈለገችም ነበር፣ እኔ ነኝ የለመንኳት። የብረት ሥራቸው እንከን የለውም፤ ያረጀውን ጥርስ እንዳለ ሳይቀዱ ልኩን ጠብቀው አወጡት።

መዝገቡ ባዶ የሆነ ቦክስ የሚገባለትን ቁልፍ ይማራል። መጀመሪያ የገባው ማስተር ይሆናል። አንደኛውን አስገብቼ ከፈትኩ፣ ቀይዋ መብራት ተቀብያለሁ እስክትል ጠበቅሁ፣ አወጣሁ፤ ሁለተኛውን እንዲሁ። ከዚያ ምዝገባውን መዝጋት ያስፈልጋል፤ ክፍት ከቀረ ቀጥሎ የሚገባውን ቺፕም ይቀበላል። አዘጋጉ በየሞዴሉ ስለሚለያይ እዚህ አልዘረዝረውም። ከተዘጋ በኋላ ያንን ከጣሳ የወጣውን የሰው ቺፕ ሲሊንደሩ ላይ ደግፌ ሞከርኩት፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች፣ ሞተሩ እምቢ አለ። ትክክል ነው፣ የፈለግሁትም ይሄንን ነበር። በአዲሱ ቁልፍ ግን በመጀመሪያው ተነሳ። ቤንዚኑ፣ ያ የታማው የጀሪካን ቤንዚን፣ ከሰልባትዮ ተራግፎ በጀሪካኑ ቆይቶ ነበር። ሲስተር መልሳ ሞላችው። ያለ ችግር ነዳችው።

ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የወጣው ኮይሎቹ ላይ ነው። የቁልፉ ሥራ ከነሁለት ቺፑ ከነሱ አነሰ። አንደኛው ቁልፍ ዛሬ ቤቷ፣ ሊብሬው ባለበት ፖስታ ውስጥ ነው፤ ካቨሩ ላይ በማርከር «ማስተር» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ጋሼም ለነገሩ ፍላጎት አደረባቸው። አሁን ካቨር ሲቀይሩ አሮጌውን ከፍተው ጉድጓዷን ያያሉ፤ ያልገባቸውን ይዘው ይመጣሉ። የጣሳውን ቺፖች ለየብቻ በትንንሽ ፌስታል አስረናቸዋል፣ ዓይነታቸውን ጽፈን። የቁልፉን ካቨር ቀይሮ መኪናው የቆመበት ሰው ከመጣ ይሞክራል።

ወሬው ሲሰማ አንድ ጎረቤቷ መጣ። የሱም ያሪስ ነው፣ ያው ዘመን፣ ያው ቅርጽ። «ለኔም ሁለተኛ ቺፕ አውጣልኝ፣ ጉድ ሳይመጣ» አለኝ። መኪናው ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። ከዱባይ። የሲስተር ግን ከአውሮፓ ነው፤ ኮፈኑ ሥር እስካሁን የዘይት ቅያሪ ወረቀት በጀርመንኛ ተለጥፎበታል። አውሮፓ ውስጥ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ አዲስ መኪና ያለ ኢሞቢላይዘር መሸጥ አይፈቀድም። በዚያ ዘመን ወደ ባሕረ ሰላጤው የሄዱት ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበለጨለጭ መብራት የለችም፤ ሲሊንደሩ አፍ ላይም የሽቦ ጥቅል አላገኘሁም። እንዲያም ሆኖ እንዲያምነኝ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የብር ወረቀት አውጥቼ የቁልፉን ጭንቅላት ጥቅልል አደረግሁት። ቺፕ ካለ ወረቀቱ ሞገዱን ይጋርደዋል፣ መኪናው አይነሳም። አዞረው። ወዲያው ተነሳ።

«ተራ ቁልፍ አስቀርጸህ ሂድ፣ ለኔ የምትከፍለው የለም» አልኩት።